የአራስ ቤት ልደት

ፍላቂት መቄት ደጋ ላይ፣ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከጋይንት በኩል ለልደት ወደ ላሊበላ የሚሄድ ምእመን በታኅሣሥ በዚያ ያልፋል፤ ጋሸና ደርሶ ወደ ላስታ ይታጠፋል። ለዚህ ምልልስ ሁለት ሰዎች በዚያች ከተማ አስቀምጫለሁ። አንደኛዋ ወጣት አስተማሪ ናት፤ ኅዳር 19 ቀን ሴት ልጅ ተገላግላ አራስ ቤት ናት። ሁለተኛው የንስሐ አባቷ ናቸው። ታኅሣሥ ተጋምሷል። ቤቱ ጠበል ከተረጨ ሰንብቷል፤ የአራሷ እናት ምድጃው ዳር ጥጥ ይፈትላሉ፤ የስድስት ዓመቱ ወንድ ልጅ ደጅ ነው። ወጣት ክርስቲያን ባልና ሚስት ልደትን ከድግስ አልፈው በእምነት የሚያከብሩት እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መልሱን ከእንዲህ ያለ ቤት ብንጀምረው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

እመጫቷ፦ ይፍቱኝ አባ።

አባ፦ እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሕፃኗ እንዴት ናት?

እመጫቷ፦ እሷስ ደኅና ናት፣ ትጠባለች ትተኛለች። እኔ ነኝ ሌሊት ሌሊት ሐሳብ የሚያነቃኝ። ከባለቤቴ ጋር በተክሊል ስንጋባ የተነጋገርነው ነገር ነበር፤ የኛ ቤት ገና የበግና የጠላ ብቻ አይሆንም ብለን። በመጀመሪያው ዓመት ስንቃችንን፣ በሶና ቆሎ ይዘን በእግራችን ላሊበላ ገባን። ካህናቱ ቤተ ማርያም አፋፍ ላይ፣ ማሜ ጋራ ከሚሉት ዘንድ፣ ቤዛ ኵሉ ሲያሸበሽቡ አየን። ከላይ የቆሙት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞቹ ምሳሌ ናቸው አሉን። ያን ጊዜ ሁሉም የገባኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ልጅ መጣ፤ ዓመት በዓሉ ሁሉ ሩጫ ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ ይኸው፣ ማኅሌት አልቆም፣ ቅዳሴ አልሰማ። ለኔ ዘንድሮ ልደት የለም ብዬ ተቀምጫለሁ።

አባ፦ ማን አለሽ እንዲህ?

እመጫቷ፦ ማንም አላለኝ። ሰማንያ ቀኔ አልሞላ፣ ምን ላድርግ?

አባ፦ እስቲ አንድ ነገር መልሽልኝ። በዚያች ሌሊት እመቤታችን የት ነበረች?

እመጫቷ፦ ቤተ ልሔም፣ በበረት ውስጥ።

አባ፦ ልጇን ታቅፋ ቤተ መቅደስ የወጣችውስ?

እመጫቷ፦ በአርባ ቀኑ ነው መሰለኝ።

አባ፦ የካቲት 8። ቁጠሪው፤ ከታኅሣሥ 29ኙና 30፣ ጥር ሙሉውን፣ ከየካቲት ስምንት፤ አርባ ይሞላል። አረጋዊው ስምዖን የታቀፈው ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የጌታ እናት አራስ ነበረች ልጄ። ሕጉን ጠብቃ ተቀመጠች። በልደት ሌሊት መቅደስ አልገባችም፤ እረኞቹ ናቸው ወዳለችበት የመጡት። እኛ ካህናቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘን ሌሊቱን ስንቆም የምናስበው አንዲት አራስ ቤት ነው። አንቺ ከበዓሉ ውጭ የቀረሽ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ ከሁላችን ይልቅ የቀረብሽው አንቺ ነሽ።

እመጫቷ፦ ቆይ አባ፤ የኔዋ ደግሞ ኅዳር 19 ነው የተወለደችው። ከኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ታኅሣሥና ጥር ስድሳ… የሰማንያ ቀኗም የካቲት 8 ይውላል!

አባ፦ እኔማ የተወለደች ዕለት ቆጥሬዋለሁ። ጌታ ወደ መቅደስ በገባበት ቀን ክርስትና ትነሣለች።

እመጫቷ፦ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ግን አንድ ነገር አሁንም ይከብደኛል። ሰፈሩ ሁሉ እየጾመ እኔ ገንፎ በቅቤ እየበላሁ ስለ ልደት ባወራ አያምርብኝም።

አባ፦ አራስ አትጾምም። ይህ የኔ ቸርነት አይደለም፣ ሥርዓት ነው። አንቺ ብዪ፣ ጡትሽ ይሙላ። ጾሙን ቤትሽ ይጹምልሽ። ደግሞም ጾም የምግብ ብቻ መስሎሽ እንዳይሆን። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 አርባ አራት ቀን ነው። አርባው የነቢያት፣ ሦስቱ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን ተራራው በጸሎት ሲነሣ የተጾመው፣ አንዱ ጋድ። ነቢያቱ የጾሙት የሚመጣውን እየጠበቁ ነው። የዛሬ ሰው የሚቸግረው መጠበቁ ላይ ነው። ታኅሣሥ 27 ቀን ገበያ ወጥቶ፣ በግ ጎትቶ፣ ዶሮ አንጠልጥሎ ይመጣና በሁለት ቀን ልደትን ልድረስበት ይላል። አይደረስበትም።

እመጫቷ፦ እሱ ላይ እኔም ብሶት አለኝ፤ ይቆጡኝ እንደሆነ ይቆጡኝ። ቤተ ክርስቲያን ይህን መጠበቅ ታውቃለች፤ ለኛ ግን አትነግረንም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሳምንታት ስም እንዳላቸው የሰማሁት። እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ! ልጄ ደግሞ በየሰንበቱ ቅዳሴ ይቆማል፤ ሲመለስ ምን ተባለ ብለው ጸበል ጠጣሁ ይላል እንጂ ሌላ አያውቅም። ግእዙ አይገባውም፣ ስብከቱ ለትልልቅ ሰው ነው።

አባ፦ አልቆጣሽም። እውነትሽን ነው። እኛ ከመቅደስ እስከ ቅኔ ማኅሌት ድረስ አሳምረን እናደርሳለን፤ ከቅኔ ማኅሌት እስከ ምድጃችሁ ያለውን መንገድ ግን ለእናንተ ትተነዋል። ለሰው ደግሞ ሳያሳዩት መንገድ አይተዉለትም።

እመጫቷ፦ እንግዲያው ያሳዩኝ። እንደማስተምረው ልጅ አድርገው ያስረዱኝ።

አባ፦ ከ7 እስከ 13 ስብከት ይባላል። ነቢያት ይወርዳል፣ ይወለዳል ብለው የሰበኩበት መታሰቢያ ነው። ከ14 እስከ 20 ብርሃን። ነቢያቱ ብርሃንህን ላክልን ብለው የለመኑበት። ከ21 እስከ 27 ኖላዊ። በጎቹ እረኛ አጥተው ስለተቅበዘበዙ እውነተኛ ጠባቂ እንዲመጣ የጠየቁበት። ሰንበቶቹ በእነዚህ ይጠራሉ፣ ምንባቡና ቅኔው በእነዚህ ይሄዳል። ከዚያ 28 ጋዱ፣ 29 ልደት። የዮሐንስ ዘመን ሲሆን ደግሞ ጳጉሜን ስድስት ሆና ስለወጣች በ28 ይውላል፤ ልጅሽ በዓሉ ለምን ቀደመ ብሎ ቢጠይቅሽ መልሱ ይኸው ነው።

እመጫቷ፦ ይጠይቃል እንጂ! ባለፈው ሥዕል ያለበት የሕፃናት መጽሐፍ ሳነብለት፣ አዳም ከገነት ሲወጣ ጌታ ለምን ቶሎ አልመጣለትም ብሎ አፋጠጠኝ።

አባ፦ ምን አልሽው?

እመጫቷ፦ አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም እመጣለሁ ብሎ ቃል እንደገባለት፣ የእግዚአብሔር አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት እንደሆነ ነገርኩት። አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት! ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ዛሬስ ስንት ቀረ ይለኛል። ልደቱ እስኪደርስ ማለቱ ነው።

አባ፦ የስብከትን ሳምንት አከበርሽው ማለት ነው፣ ሳታውቂው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ማታ ማታ አንድ ነቢይ ንገሪው። ዛሬ ሚክያስ ቤተ ልሔምን በስም እንደጠራት፣ ነገ ኢሳይያስ ስለ ድንግሊቱ እንደተናገረ። ረጅም አታድርጊው፤ ምድጃው ሳይጠፋ የሚያልቅ ይሁን።

እመጫቷ፦ ብርሃንስ? አሁን ያለንበት ሳምንት እኮ ነው።

አባ፦ እናትሽን ተመልከቺያቸው፣ ምን እየሠሩ ነው?

እመጫቷ፦ እየፈተለች። ለጋቢ ነው መሰለኝ።

አባ፦ ከዚያው ላይ ለጧፍ የሚሆን አይጠፋም። ሰሙን እኔ አመጣልሻለሁ።

ጧፍ ሲሠራ ያላየ አንባቢ ካለ ልንገረው፤ ልጅ ሊሠራው የሚችል ነገር ነውና። ሰሙ በሸክላ ላይ ከእሳት ራቅ ብሎ ይሞቃል፤ ከፈላ ይበላሻል። ጥቂት የጥጥ ፈትል አንድ ላይ ተገምዶ በቀለጠው ሰም ውስጥ ይሳባል፤ ወጥቶ ትንሽ ሲበርድ በመዳፍ ይታሻል፣ ይድበለበላል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ወፍራምና ጠማማ ይወጣል። ሦስተኛው አራተኛው ላይ እጅ ይለምዳል። ቤቱ በማር ሽታ ይሞላል፤ የላስታና የመቄት ሰም ከሆነ ሽታው እስከ ማግስቱ አይለቅም። ልጁ የሚያበራውን ነገር በገዛ እጁ ሠርቶ ታኅሣሥ 28 ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዞት ሲሄድ፣ ብርሃን የተባለውን ሳምንት የሚያስረዳው ሌላ ሰው አያስፈልገውም። ስለ ንቡም የሚነገረው አለ። በላስታ ታሪክ ንጉሡ ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከቦት ነበር ይባላል፤ የተወለደውም በዚሁ በታኅሣሥ 29 ነው። ስለዚህ ነው በላሊበላ ልደት እጥፍ በዓል የሚሆነው። ሰሙ ሲቀልጥ ይህን የምትነግር አያት ያለችው ልጅ የታደለ ነው።

እመጫቷ፦ ይህን ወደድኩት አባ። ግን አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ለሱ ነው ዛሬ በተለይ የፈለግሁዎት። የባለቤቴ እኅት ከአዲስ አበባ በስልክ ቪዲዮ ላከች። የገና ዛፍ፣ የሚብለጨለጭ መብራት፣ ጥጥ እንደ በረዶ የተበተነበት፣ ቀይ ልብስ የለበሰ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ዛፍ ካልገዛችሁ ይለናል። ባለቤቴ ከጓሮ ጥድ ቆርጬ ላምጣለት አለ።

አባ፦ አይሆንም። ጥድ አይቆረጥም። በኛ ደጋ ጥዱ አብዛኛው የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። ለሦስት ቀን ጌጥ ተብሎ የሃያ ዓመት ዛፍ አይጣልም። ደግሞም ያ የፈረንጅ ነው፤ የኛ አይደለም፤ በቃ።

እመጫቷ፦ በቃ ብለው ሊተዉት ነው?

አባ፦ ምን እንድልሽ ፈለግሽ?

እመጫቷ፦ አባ፣ እርስዎ በቃ ቢሉ ለኔ በቃኝ። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን አይበቃም። እሱ ያየው ቀለም፣ ብርሃን፣ ስጦታ ነው። እምቢ ብዬው ባዶ እጁን ከተውኩት፣ ልደት ማለት እናቴ እምቢ ያለችበት ቀን ነው ብሎ ያድጋል። በኋላ ከተማ ሲሄድ ዛፉን ራሱ ይገዛል፣ ጾሙን ይተዋል። ወንድሜ አሜሪካ ነው፤ ልጆቹ ይህን ፈተና በየዓመቱ ያዩታል። እዚያ ገናው በኛ ታኅሣሥ 16 ይውላል፤ ከተማው ሁሉ ያብለጨልጫል። የኛ ልደት ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ክፍት፣ ሥራው ክፍት፣ መንገዱ ጨለማ። ልጆቹን ምን አላቸው መሰለዎት? የሰው አታድርጉ አላላቸውም። አርባ አራቱን ቀን ከሱ ጋር ይጾማሉ፣ በሌሊት ለብሰው ይሄዳሉ፣ በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅዶ ያስቀራቸዋል። አሁን እነሱ ናቸው የኛ ገና መቼ ነው እያሉ የሚጠይቁት።

እዚህ ላይ እኔ ከእናትየዋ ጋር ነኝ። ብዙ ቤት ውስጥ እምነት ለልጅ የሚደርሰው በክልከላ መልክ ነው፤ ይህን አትብላ፣ እዚያ አትሂድ፣ ያን አትመኝ። የተከለከለውን ስፍራ የሚሞላ ነገር ካልተሰጠ ግን ልጁ የሚያስታውሰው ክልከላውን ብቻ ነው። አባም ይህን ተረድተውታል መሰለኝ፣ መልሳቸው ተለወጠ።

አባ፦ ስለዚያ ቀይ ልብስ ስለለበሰው ሽማግሌ ልንገርሽ። እሱን እኔ በስም አውቀዋለሁ።

እመጫቷ፦ የገና አባትን?

አባ፦ የገና አባት ማለት ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ነበር። ስንክሳር በኒቅያ ከተሰበሰቡት ከሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ አባቶች ጋር ይቆጥረዋል። መታሰቢያው ታኅሣሥ 10 ነው፤ በዚሁ በጾማችን ውስጥ ይውላል። አንድ ሰው ደኽይቶ ሦስት ሴት ልጆቹን የሚድርበት ቢያጣ፣ ወደ ክፉ ሥራ ሊሰጣቸው አሰበ። ኒቆላዎስ ይህን ሰማ። ሌሊት ሄዶ ወርቅ በከረጢት አድርጎ በመስኮት ጣለለት፤ ለአንደኛዋ፣ ቆይቶ ለሁለተኛዋ፣ ቆይቶ ለሦስተኛዋ። ሰውየው በሦስተኛው ጠብቆ እስኪይዘው ድረስ ማን እንደሰጠው አላወቀም። ፈረንጆቹ ይህን ቅዱስ ይዘው ነበር የተነሡት፤ ሲውል ሲያድር የሱቅ ማስታወቂያ አደረጉት። እኛ ደግሞ የራሳችንን ቅዱስ ሳናውቀው ከስልክ ላይ ስናየው የባዕድ መሰለን።

እመጫቷ፦ ታዲያ ይህን ልጄ ቢሰማ ይወደዋል እኮ! በድብቅ መስጠትን ልጅ ሲባል ይወዳል።

አባ፦ እንግዲያው ይስጥ። ከጎረቤት የተቸገረ አይጠፋም። ልጁ ከአባቱ ጋር ሆኖ ማታ አንድ ቁና ስንዴ ከደጃቸው አስቀምጦ ይመለስ። እነሱ ማን እንዳመጣው አይወቁ። ለማንም እንዳይናገር ንገሪው፤ ለኔም ጭምር።

እመጫቷ፦ ዛፉስ?

አባ፦ ቄጠማ ጎዝጉዙለት። ደጁን በአደይ ማስጌጥ አትችሉም፣ ወቅቷ አልፏል። ከጽጌ በኋላ መቄት ውስጥ በታኅሣሥ የሚያብብ ብዙ የለም። ጤናዳም አለ። ጧፉን ደርድሩለት። የልደቱን ሥዕል አመጣላችኋለሁ፤ መደቡ ጥግ ላይ ስቀሉት፣ ጧፉ ከፊቱ ይብራ። ልጅ የሚያየው ነገር ይፈልጋል ካልሽ፣ እሺ፣ የሚያየው እናትና ልጅ ይሁን።

እመጫቷ፦ እሺ፣ ሥዕሉን ይዘውልኝ ይምጡ። ኖላዊ ቀረ እንግዲህ።

አባ፦ እሱን አንቺ ንገሪኝ። መምህርት አይደለሽም?

እመጫቷ፦ እኔ እማስበው አለ። የእረኞቹ ነገር ነው የሚነካኝ። መልአኩ ወደ ሄሮድስ ቤት አልሄደም፣ ሌሊት በጎች ወደሚጠብቁት ሄደ። የኛ ጎረቤት የቀጠሩት እረኛ አለ፤ ዕድሜው ከልጄ ብዙ አይርቅም። ወላጆቹ ሩቅ ናቸው። ዓመት በዓል ሲሆን ሁሉም ቤቱ ይበላል፣ በጎቹ ግን ዓመት በዓል ስለማያውቁ እሱ ከነሱ ጋር ይውላል። ማታ ሲመጣ የተረፈ ይሰጡታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

አባ፦ ምን ልታደርጊ አሰብሽ?

እመጫቷ፦ በልደት ጧት ድፎው ሲቆረስ ቀድሞ የሚቆርሰው እሱ ይሁን ብዬ ነው። በጎቹን ለግማሽ ቀን ባለቤቴ ይጠብቅለት። ከሰዓት ደግሞ ከልጄ ጋር ሜዳ ወርዶ ሩር ይጫወት። የገና ጨዋታ መጀመሪያውኑ የእረኞች ነው ይባላል አይደል፣ ምሥራቹን ሲሰሙ በደስታ በትራቸውን ይዘው ተጫወቱ እየተባለ? ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ የለም፤ ለአንድ ቀን እንኳ እኩል ይሁኑ።

አባ፦ ባለቤትሽ እሺ አለ?

እመጫቷ፦ መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ፣ እኔ ራሴ እረኛ ሆኜ ያሳለፍኩት ገና ስንት ነው አለ። እሺ ብሏል።

አባ፦ ከዚህ በላይ ስብከት አላውቅም። ስለ በጉ ግን ልጠይቅሽ። በዱቤ ልትገዙ ነው ሲሉ ሰማሁ።

እመጫቷ፦ ወሬው ደረሰዎት? ሰው ምን ይለናል ብለን ነው። አራስ ጠያቂ ይመጣል፣ ዓመት በዓል ነው፣ የባለቤቴ ዘመዶች አሉ።

አባ፦ የ2014ቱን ልደት ታስታውሻለሽ?

እመጫቷ፦ እንዴት ይረሳል። ልጁ ገና ጡት አልጣለም ነበር።

አባ፦ በ2013 ክረምት የገባው ጦርነት ከዚህ አካባቢ በወጣ በጥቂት ሳምንት ነው ልደት የደረሰው። ጎተራው ባዶ፣ በረቱ ባዶ፤ የሞተብን ሐዘን ገና አልደረቀም። በሬም በግም ያረደ አላየሁም። እንዲያውም አንዳንዱ ቤት ቡናም አልነበረም። ያን ሌሊት ግን ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። እኔ በክህነቴ ዘመን እንደዚያ ሰው አልቅሶ ያስቀደሰበት ልደት አላስታውስም። ስለ ድህነት ጥሩነት አልነግርሽም፤ ረኃብ ጥሩ አይደለም። ቢኖራችሁ ዕረዱ፣ ብሉ፣ ፍስክ ነው። ረቡዕና ዓርብ ቢውል እንኳ ልደት ይበላበታል፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ብሉ ብላለች። በዱቤ ግን አትረዱ። ጥር ሲገባ ባልና ሚስት በዕዳ የሚጣሉበት በዓል የሰላም በዓል አይባልም። ወጣት ቤት የሚፈርሰው እንዲህ እንዲህ ባለው ነገር ነው።

እመጫቷ፦ ዶሮ አለን። ሁለት።

አባ፦ ይበቃል።

እመጫቷ፦ እሺ አባ። አሁን የሌሊቱን እንነጋገር፣ እዚህ ላይ አንስማማም ብዬ ፈርቻለሁ። ልጁን ከዋዜማው ጀምሮ ይምጣ ብለዋል አሉኝ።

አባ፦ ይምጣ እንጂ። እኔ ያደግሁት እንደዚያ ነው። ማኅሌቱ ሲቆም ከመቋሚያው ሥር ተኝቼ፣ ከበሮው ሲመታ ነቅቼ፣ መልሼ ተኝቼ። የተኛ ልጅም ይሰማል።

እመጫቷ፦ የተኛ ልጅ ይበርደዋል! በታኅሣሥ የመቄት ሌሊት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ጧት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል። ዓምና ሳንባው ታሞ ጤና ጣቢያ ስንመላለስ ነበር። የኔ እምነት ልጄን በብርድ መፈተን አይደለም።

አባ፦ በባና ጠቅልሉት።

እመጫቷ፦ ባናም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ አይሆንም አባ። ይቅር ይበሉኝ፣ በዚህ ላይ እምቢ እላለሁ።

አባ፦ ታዲያ ልደትን ተኝቶ ሊያሳልፍ ነው?

እመጫቷ፦ አይደለም። እዚህ እኔ ጋ ይተኛል፣ በእሳቱ አጠገብ። አባቱ ከዋዜማው ጀምሮ ይቆማል። ቅዳሴ ሊገባ ሲል ይምጣና ይቀስቅሰው፤ እኔ አልብሼ አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። የሠራውን ጧፍ ይዞ ይሄዳል፣ ቅዳሴውን ይቆማል፣ ይቆርባል፣ አባቱ ተሸክሞ ይመልሰዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ከእንቅልፉ ተነሥቶ በጨለማ፣ በብርድ፣ መብራት ይዞ መሄዱን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ካደረ ግን የሚያስታውሰው ብርዱን ነው።

አባ፦ …ይሁን። ከቅዳሴው መጀመሪያ እንዳይዘገይ ብቻ። የሚቆርብ ሰው ወንጌል ሳይነበብ መድረስ አለበት።

እመጫቷ፦ አይዘገይም። ሰዓት እሞላለሁ።

አባ፦ አንቺስ እነሱ ሲሄዱ ምን ታደርጊያለሽ?

እመጫቷ፦ እስካሁን እተኛለሁ ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ግን፣ እርስዎ ያሉትን ስሰማ፣ አልተኛም። እናቴ ማንበብ አትችልም። ከሉቃስ ሁለተኛውን ምዕራፍ በአማርኛ አነብላታለሁ። የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ አለን፣ ለሠርጋችን የሰጡን። ጧፉን አብርተን፣ ሕፃኗን ታቅፌ።

አባ፦ እናትሽ ምን ይላሉ?

እናቷ፦ እኔ ምን እላለሁ አባ፤ ስንት ዘመን ቆሜ ያደርኩበት ሌሊት ነው፣ ቃሉን ግን በአማርኛ ቁጭ ብሎ ያነበበልኝ የለም። ደግሞ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። በኛ ጊዜ ልደት ሲቃረብ መንገደኛ አይታለፍም ነበር። ከጋይንት፣ ከበጌምድር የሚመጣው በእግሩ ነው፤ ማታ ደጃችን ሲደርስ ውኃ አሙቀን እግሩን እናጥበዋለን። በላሊበላ ዛሬም ያጥባሉ ይባላል፤ ሃይማኖተኞች ናቸው። እኛ ግን መኪናው ሲመጣ ተውነው። ዛሬም እኮ ከመኪናው የሚበልጥ በእግሩ የሚያልፍ ድኃ አለ።

እመጫቷ፦ እማ፣ አራስ ቤት እንግዳ እንዴት ይገባል?

እናቷ፦ ደጁ ላይ! ልጁ ውኃ ያፍስስ፣ እኔ አጥባለሁ። ቆሎም ከኔ ነው። ማን ግባ አለው?

አባ፦ ከ21 ጀምሮ ይሁን፣ በኖላዊ። መንገደኛው የሚበዛው ያኔ ነው። ለሌላውም ቤት እናገራለሁ፤ የንስሐ ልጆቼ እዚህ መንገድ ዳር ስንት ናቸው።

እመጫቷ፦ ይኸው አባ፣ ልደት የለኝም ብዬ ነበር፣ አሁን ሥራው በዛብኝ።

አባ፦ አንቺ ተቀመጪ፣ እነሱ ይሥሩ። አራስ ነሽ። አሁን እኔን የሚያሳስበኝ የካቲት ነው። የክርስትና እናቷን መርጠሻል?

እመጫቷ፦ አዲስ አበባ ያለችውን የባለቤቴን እኅት አስቤ ነበር። ጥሩ ልጅ ናት፣ እጇም አይጠብቅም። ቀሚሱንም መስቀሉንም እሷ ናት የምትልከው።

አባ፦ ቪዲዮ የላከችው?

እመጫቷ፦ አዎ። ግን በክፋት አይደለም የላከችው።

አባ፦ በክፋት አላልኩም። ስጦታ መላክ ጥሩ ነው፣ ትላክ። የክርስትና እናት ግን ልጅቱን ተቀብላ ሃይማኖቷን አስተምራታለሁ ብላ የምትምል ናት። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ በሚመጣው ዓመት ታኅሣሥ፣ ይህች ልጅ መራመድ ስትጀምር፣ ጧፍ ሲሠራ አጠገቧ የሚኖረው ማን ነው?

እመጫቷ፦ እዚህ ያለ ሰው ካሉኝ… ጠላ የምትሸጠዋ ጎረቤታችን ናት። ምጥ ሲይዘኝ ሌሊት የደረሰችልኝ እሷ ናት። ደኃ ናት ግን፣ ለክርስትና የምትለብሰው ነጠላ እንኳ የላትም። አሳፍራታለሁ ብዬ ፈራሁ።

አባ፦ ትቆርባለች?

እመጫቷ፦ ከባሏ ሞት ወዲህ ሁልጊዜ።

እናቷ፦ ነጠላውን እኔ እፈትልላታለሁ። ይኸ ጥጥ ለጧፉም ተርፎ ይደርሳል።

አባ፦ እንግዲህ ከባለቤትሽ ጋር ተማከሩ። እስከ ጥምቀት ድረስ ንገሩኝ፤ ጥር ካለቀ በኋላ ጊዜ የለም። እኔ ሰሙንና ሥዕሉን ነገ ከሰርክ ጸሎት በኋላ ይዤ እመጣለሁ።